አትውደዱት የተባለውን ጀግና መውደድ

አንድ ደራሲ «ጀግኖችን ፍሩ» ለማለት መጽሐፍ ጽፎ፣ አንባቢው ግን በዚያው መጽሐፍ ጀግና ፍቅር ቢነደፍ ጥፋቱ የማን ነው? የደራሲው ነው? የአንባቢው ነው? ወይስ ተረት ሰምቶ በተደሰተ ሰው ላይ ጥፋት የሚባል ነገር ከቶ አይነገርም? ጥያቄው ለምሽት ጨዋታ የተፈለሰፈ እንቆቅልሽ አይደለም። አሜሪካዊው ፍራንክ ኸርበርት «ዱን» የተባለውን ልብ ወለድ ካሳተመበት ከ1965 ጀምሮ (ዘመኑን የኢትዮጵያ ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር አቆጣጠሩ የአውሮፓውያን ነው) በአንባቢዎች ላይ ሲደርስ የኖረ ነገር ነው። ከ2021 ወዲህ ደግሞ በዴኒ ቪልኔቭ ፊልሞች አማካይነት መጽሐፉን ገልጠው በማያውቁ ሰዎችም ላይ ደርሷል።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላውጋው። ጊዜው ከዛሬ ብዙ ሺህ ዓመታት ወዲያ ነው። የሰው ልጅ በከዋክብት መካከል ተበትኗል፤ አገዛዙ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ንጉሠ ነገሥትና መሳፍንት ይዟል። (መንኮራኩር እያላቸው ስለ ርስትና ስለ ጉልት የሚጋደሉ ሰዎች ናቸው፤ ይህ ለእኛ አገር አንባቢ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም።) አራኪስ የምትባል ዝናብ የማታውቅ ፕላኔት አለች፤ መጠሪያዋም ዱን ነው፤ ነፋስ የሚቆልለው የአሸዋ ኮረብታ እንደ ማለት። ዕድሜ የሚያረዝመው፣ ያለ እርሱም ከኮከብ ኮከብ መጓዝ የማይቻለው ቅመም የሚገኘው በእርሷ ብቻ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ፕላኔቷን ለአትሬይዲስ ቤት መስፍን ይሰጣል፤ ስጦታው ግን ወጥመድ ነው። መስፍኑ ይሞታል፤ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጁ ፖል ከእናቱ ከጀሲካ ጋር ወደ በረሃ ይሸሻል። ፍሬመን የተባሉት የበረሃ ሰዎች ያስጠጉታል። በአሸዋ ውስጥ የሚኖረውን ተራራ የሚያህል ትል መጋለብ ይማራል፤ መሪያቸው ይሆናል፤ የአባቱን ደም ይመልሳል፤ በመጨረሻም ዙፋኑን ይይዛል።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ማን ይጠላል? የተገፋ ልጅ፣ የተገደለ አባት፣ ስደት፣ ፈተና፣ ድል። ሰው እሳት ዙሪያ ተቀምጦ ማውጋት ከጀመረ ወዲህ ሲደሰትበት የኖረ ታሪክ ነው። ኸርበርትም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ነገሩ ያለውም እዚያው ላይ ነው።

ኸርበርት በሙያው ጋዜጠኛ ነበር። በ1957 ኦሪገን በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ፍሎረንስ ወደምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ይሄዳል። የግብርና መሥሪያ ቤቱ መንገድና ቤት የሚውጠውን ተጓዥ አሸዋ ሣር እየተከለ የሚገታበትን ዘዴ ለመዘገብ ነበር። መጣጥፉ ሳይታተም ቀረ። ሰውዬው ግን ስለ በረሃ፣ ስለ በረሃ ሃይማኖቶችና በረሃ ውስጥ ስለሚነሡ ነቢያት ማንበቡን አላቆመም። ያልታተመች አንዲት መጣጥፍ በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ያለው ልብ ወለድ ወለደች፤ ጽሑፉ በየአዘጋጁ መሳቢያ ውስጥ ለቀረበት ሁሉ ትንሽ መጽናኛ ነው። ልብ ወለዱንም ቢሆን አሳታሚዎች እየተፈራረቁ መልሰውታል። በመጨረሻ ያሳተመው ቺልተን የተባለ፣ በመኪና ጥገና መመሪያዎቹ የሚታወቅ ድርጅት ነው።

እኔን በመጀመሪያ የያዘኝ ፖል ሳይሆን ውኃው ነው። የፍሬመኖቹ አለቃ ስቲልጋር መስፍኑን ሊጎበኝ መጥቶ በተወለወለው ጠረጴዛ ላይ ምራቁን እንትፍ ይላል። የመስፍኑ ሰዎች ተሰደብን ብለው ይነሣሉ፤ አንዱ ብቻ «ስለ ስጦታህ እናመሰግናለን» ብሎ ያበርዳቸዋል፤ ውኃ በሌለበት አገር ከሰውነት የወጣች እርጥበት ከሁሉ የከበረች እጅ መንሻ ናትና። ቆየት ብሎ ፖል በፍልሚያ የገደለውን የፍሬመን ሰው ሲቀብሩ እንባው ይወርዳል። በዙሪያው ያሉት ይንሾካሾካሉ፤ ለሞተ ሰው ውኃ የሚሰጥ አይተው አያውቁም፤ ጉንጩን በጣታቸው ይነካሉ። ባልዲውን ደርድሮ የቧንቧ ተራውን የሚጠብቅ የከተማ ሰው ይህን ገጽ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። እንዲህ ያለውን ደስታ ማንም በጥርጣሬ ሊያየው አይገባም። መጽሐፉን ዘግተን ስንነሣ አንድ ጠብታ ከበፊቱ ከብዳ ትታየናለች፤ ልብ ወለድ ከዚህ በላይ ምን ያድርግልን?

ሥነ ምግባርን የሚያስጠራው ሌላው ደስታ ነው፤ የፖል መነሣት የሚሰጠን ደስታ።

ፖልና ጀሲካ ከፍሬመን ዘንድ ሲደርሱ ሕዝቡ ቀድሞ እየጠበቃቸው ነበር። ከውጭ የሚመጣ፣ እናቱ የተመረጠች የሆነች፣ ወደ ነጻነት የሚመራቸው አንድ ሰው እንደሚመጣ ትንቢት አላቸው። አንባቢ በዚህ ጊዜ ልቡ ይሞቃል። ኸርበርት ግን ምሥጢሩን አልደበቀም፤ ጀሲካ የቤኔ ጀሰሪት እህትማማቾች ማኅበር አባል ናት፤ ይህ ማኅበር ከብዙ ትውልድ በፊት በየፕላኔቱ ሰዎች እየላከ፣ ወደፊት አንዲት እህት ብትቸገር መሸሸጊያ ይሆናት ዘንድ፣ ተረትና ትንቢት ሲዘራ ኖሯል። ልክ ገበሬ ለክፉ ቀን ብሎ ጎተራ እንደሚሞላው።

በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ቦታ ጦርነቱ አይደለም። ሜፕስ የተባለች የፍሬመን አሮጊት የቤት ሠራተኛ ሆና ገብታ ለጀሲካ ከትል ጥርስ የተሠራ ቢላዋ ታሳያታለች፤ ምንነቱን ታውቂያለሽ ወይ ስትል ትጠይቃታለች። መልሱ ከተሳሳተ ቢላዋው ሥራውን ይሠራል። ጀሲካ ትክክለኛውን መልስ አታውቅም፤ ስለ ሞት አንድ ነገር ልትናገር አፏን ትከፍታለች፤ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ግን ፍሬመን ትሉን የሚጠሩበት ቅዱስ ስም ሆኖ ይገኛል። አሮጊቷ ቀሪውን ሳትሰማ ትጮሃለች፤ በደስታም በፍርሃትም። ጀሲካ ነገሩ ወዲያው ይገባታል፤ አላረመቻትም።

እስቲ በእናቲቱ ቦታ ቆመን እንመልከተው። ቢላዋው ከፊቷ አለ፤ ልጇ በዚያው ቤት ውስጥ ነው። «አይ፣ ተሳስተሻል፤ የምትጠብቂው እኔን አይደለም» ማለት ነበረባት? እኔ በድፍረት አዎን ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ይሁን እንጂ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአንዲት ምስኪን አሮጊት እምነት የሌላ ሰው ጋሻ ሆኗል። ለጋሻነት የተወሰደ እምነት ደግሞ ጋሻ ሆኖ አይቀርም፤ ጥቂት ምዕራፎች አልፈን ጦር ሆኖ እናገኘዋለን። ኸርበርት በዚህ ብልህ ነው፤ ግፉን የሚጀምረው ክፉ ሰው አይደለም፤ ማንም የሚያዝንላት እናት ናት።

ፍሬመን ለሚጠብቁት ሰው ከሰጧቸው ስሞች አንዱ «ማኅዲ» ነው። ይህ ቃል ለሲያትል ወይም ለለንደን አንባቢ የሩቅ ምሥራቅ ጌጥ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን መልክና ቀን ያለው ቃል ነው። በ1881 ሱዳን ውስጥ መሐመድ አሕመድ «የተጠበቀው ማኅዲ እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ፤ በ1885 ካርቱምን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ሞተ። እርሱ ቢሞትም እንቅስቃሴው አልቆመም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1880 ጎንደርና አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፤ በመጋቢት 1881 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በግፍ አገዛዝ የተማረረ ሕዝብ የተከተለው የነጻነት መሪ፣ በጎረቤት አገር ዓይን ምን እንደሚመስል ከእኛ ወዲያ ማን ይመሰክራል? ኸርበርት ፖልን የፈጠረው ከአንድ ሰው አይደለም፤ በካውካሰስ ተራሮች ሩሲያን ከተዋጋው ከኢማም ሻሚል ታሪክም፣ ከዐረቢያው ሎሬንስም ወስዷል። ለፖል የሰጠው መጠሪያ ግን ከደጃችን ያለፈ ነው።

ከደጃችን ያለፈ ብቻ ሳይሆን ከቤታችን የበቀለም አለ። «ፍካሬ ኢየሱስ» ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገር ነበር፤ የቋራው ካሣ በየካቲት 1847 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ያንን ስም መረጠ። ያን ትንቢት ባዕድ አልዘራውም፤ ከአራኪሱ ጋር እዚህ ላይ ይለያያል። ሰውዬውም አስመሳይ ነበር ማለቴ አይደለም፤ በስሙ ከልቡ ያምን እንደነበር እገምታለሁ። የምለው ይህን ነው፤ «የቴዎድሮስ ዕንባ»ንና «አንድ ለናቱ»ን እያነበብን ያደግን ሰዎች ጎንደርን ማቃጠሉን፣ በመቅደላ እስረኞችን ገደል ማስጣሉን ሳናውቅ ቀርተን አይደለም የወደድነው። እያወቅን ነው የወደድነው። ስለዚህ «ዱን»ን ያነበበ ሰው ፖልን በመውደዱ ሲገረሙበት ስሰማ እኔ አልገረምም።

ለመሆኑ ኸርበርት በመጽሐፉ ውስጥ አላስጠነቀቀም? አስጠንቅቋል። ካይንስ የተባለው ሊቅ በረሃ ውስጥ ተጥሎ ሲሞት የሟች አባቱ ድምፅ በጆሮው እየመጣ፣ ለሕዝቡ ከጀግና እጅ መውደቅን የመሰለ ጥፋት እንደሌለ ይነግረዋል። ፖል ራሱ ገና በሽሽት ላይ ሳለ የወደፊቱን ማየት ይጀምራል፤ በአባቱ ዓርማ ሥር ከፕላኔት ፕላኔት እየተቀጣጠለ የሚሄድ የሃይማኖት ጦርነት ያያል። እንዳይሆን ይፈልጋል። እርምጃው ሁሉ ግን ወደዚያው ይወስደዋል፤ በመጨረሻ ቢሞት እንኳ ጦርነቱ በስሙ እንደሚቀጥል ይረዳል።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚያልፈው አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። በምድር ላይ የደም ጎርፍ ያፈሰሰ ገዥ ሁሉ «ሌላ መንገድ አልነበረም» ብሏል። ሁሉም የተናገሩት በግምት ነው፤ ወደፊቱን ያየ የለም። ኸርበርት ለፖል የሰጠው ማንም ገዥ ያላገኘውን ነው፤ በእርግጥ ያያል። ስለዚህ የእርሱ ማመካኛ ከማመካኛዎች ሁሉ የጠነከረው ነው። እኛም በልባችን «ምን ያድርግ ታዲያ? ምርጫ የለውም» እንላለን። ይህን ያልነው ግን ማን ስለነገረን ነው? ራሱ ፖል ነው። የምናየው በእርሱ ዓይን ነው፤ ሌላውን መንገድ ከእርሱ በቀር ያየው የለም። የእርሱ ዕጣ በየትኛውም መንገድ ላይ ቢከፋ ኖሮ፣ ለምሳሌ ስሙን ጥሎ በበረሃ ውስጥ እንደ ማንም ፍሬመን ቢኖር፣ መንገዱን መንገድ ብሎ ይቆጥረው ነበር? መጽሐፉ አይነግረንም። ዝም ማለቱ ደስ ይለኛል፤ ፍርዱን ለእኛ ትቶታል።

አንባቢዎች ፈረዱ፤ ለፖል ፈረዱ። የሚገርመው አንባቢ ብቻ አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ታሪክ «አናሎግ» በተባለው መጽሔት በተከታታይ ያወጣው አንጋፋው አዘጋጅ ጆን ካምቤል፣ ኸርበርት ተከታዩን «የዱን መሲሕ» ይዞ ሲመጣ አልተቀበለውም፤ ጀግናው ሲዋረድ ማየት አልፈለገም። መጽሐፉ በ1969 በሌላ በኩል ወጣ። በዚህ በሁለተኛው መጽሐፍ ፖል ዐሥራ ሁለት ዓመት ነግሦ እናገኘዋለን። የጥንቱን ታሪክ እያነሣ ራሱን ከጄንጊስ ካንና ከሂትለር ጋር ያስተያያል፤ በስሙ የሞቱትን ሲቆጥር በትንሹ ስድሳ አንድ ቢሊዮን ይላል። ቁጥሩን የሚናገርበት አነጋገር ቀዝቃዛ ነው፤ የመጋዘን ቆጠራ የሚያነብ ይመስላል። መጀመሪያውን መጽሐፍ በአንድ ትንፋሽ ጨርሼ ሁለተኛውን ስጀምር ያገኘኝ ስሜት፣ ሠርግ በልቶ ሲመለስ የድግሱ ዕዳ በማን ላይ እንደወደቀ የሰማ ሰው ስሜት ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ ከመጀመሪያው ያነሰ ውበት አለው፤ ንግግሩ ይበዛል፤ ትሎቹ አይጋለቡም። ነገር ግን አንዱን ያለ ሌላው ማንበብ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ሰምቶ እንደ ሜፕስ መጮህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡትን አራቱን (የመጨረሻው የወጣው በ1985፣ ደራሲው ከመሞቱ ከአንድ ዓመት በፊት ነው) በየደረጃቸው ወድጃቸዋለሁ፤ ግዴታ ግን አላደርጋቸውም።

ወደ ፊልሞቹ እንምጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሆዶሮውስኪ የጀመረው፣ ሠዓሊው ዳሊና ኦርሰን ዌልስ ሊተውኑበት ታስቦ የነበረው ትልቅ ሕልም ሳይቀረጽ ስለ ቀረ እለፈው። በ1984 የወጣው የዴቪድ ሊንች ፊልም ግን ሊታለፍ አይገባውም። ብዙዎች የሚነቅፉት ግራ የሚያጋባ ስለሆነ ነው፤ እኔ ግራ ማጋባቱን ይቅር እለዋለሁ፤ ልብሱና አዳራሾቹ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፉም። ይቅር የማልለው መጨረሻውን ነው። ፖል ያሸንፋል፤ በአራኪስም ላይ ዝናብ ይዘንባል። ያ ሁሉ የተዘራ ተረት በአንድ ደመና እውነት ሆነ! ኸርበርት በፊልሙ ብዙ ነገር ተደስቶ ነበር፤ ይህን ግን አልተቀበለም፤ የእርሱ ፖል አምላክ መስሎ የሚታይ ሰው እንጂ ዝናብ የሚያዘንብ አምላክ አልነበረም። ደግሞ መጽሐፉን ያነበበ እንደሚያውቀው ውኃ ለትሎቹ መርዝ ነው፤ ትሉ ከሌለ ቅመሙ የለም። ሊንች ተአምር ብሎ ያዘነበው ዝናብ የታሪኩን ዓለም የሚያጠፋ ዝናብ ነው።

በ2000 እና በ2003 የተሠሩት የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ገንዘብ እንዳጠራቸው ያስታውቃሉ፤ በረሃው አንዳንዴ መጋረጃ ይመስላል። ሆኖም የ2003ቱ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጽሐፍ አንድ ላይ አድርጎ፣ ፖልን ከነውድቀቱ ያሳየ በመሆኑ ከሚያምሩት በላይ ታማኝ ነው።

ቪልኔቭ የ2021ንና የ2024ን ፊልሞች ሲሠራ አደጋውን ያውቅ ነበር። ኸርበርት ያልተሳካለትን ማስጠንቀቂያ ለማሳካት የመረጠው መንገድ የፖልን ወዳጅ ቻኒን መለወጥ ነው። በመጽሐፉ ቻኒ ከፖል ጎን ትቆማለች፤ ፖል ለዙፋኑ ሲል ሌላ ሴት ሲያገባ እንኳ ጀሲካ ታጽናናታለች። በፊልሙ ግን ቻኒ በትንቢቱ አታምንም፤ ሕዝቡ ሲንበረከክ አትንበረከክም፤ በመጨረሻ ብቻዋን ትል ጠርታ ትሄዳለች። ፊልሙ የሚያልቀው በእርሷ ፊት ላይ ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን ለውጥ አመስግነዋል፤ ይገባዋል። እኔ ግን የሚከነክነኝ ነገር አለ። ቻኒ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስትቆም ለተመልካቹ ንጹሕ መቆሚያ ትሰጠዋለች። ከሁለት ሰዓት በላይ በሃንስ ዚመር ሙዚቃ ደረቱ እየተመታ፣ ፖል ትሉን ሲጋልብ ወንበሩን ጨብጦ የተደሰተ ሰው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከቻኒ ጋር ተቆጥቶ ይወጣል፤ «እኔስ ድሮም ጠርጥሬው ነበር» እያለ። ኸርበርት እንዲህ ያለ ማምለጫ አልሰጠንም። በመጽሐፉ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ተንበርክኳል፤ እኛም ከመካከላቸው ነን፤ ነገሩ የሚገባን ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ መጽሐፍ ሲወጣ ነው። የቪልኔቭ መንገድ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል፤ የኸርበርት መንገድ ግን የራሳችንን ልብ ያሳየናል። ቪልኔቭ ሁለተኛውን መጽሐፍ ወደ ሦስተኛ ፊልም ለመለወጥ መነሣቱ፣ የቻኒ ፊት ብቻውን እንደማይበቃ እርሱም እንዳሰበው ያስገምተኛል።

«ልብ ወለድ ነው፤ ተውን እንደሰትበት» የሚል ይኖራል። አባባሉን አልንቀውም። ትምህርት ቤት «ከታሪኩ ምን ትማራላችሁ?» እየተባልን ስላደግን ማንኛውንም መጽሐፍ እንደ ስብከት የመጭመቅ ልማድ አለብን፤ ጭማቂው ሲወጣ ፍሬው የት እንደገባ አናውቅም። ፖልን በመውደዳችን ንስሐ እንግባ የሚለኝ ካለ አልከተለውም። ያልወደደው ሰው ከመጽሐፉ ያተረፈው የለም፤ ተሻግሮት ላላየው ወንዝ «ጥልቅ ነው» ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? ስድሳ አንድ ቢሊዮን የሚለው ቁጥር የሚያመው በድሉ ቀን አብሮ እልል ያለውን ነው። የምጠረጥረው ደስታውን ሳይሆን ደስታው ካለፈ በኋላ ሁለተኛውን መጽሐፍ ለማንሣት አለመፈለግን ነው። ካምቤል የፈለገው ይኸው ነበር፤ ደስታው እንዳለ ይቆይለት፣ ሒሳቡ አይምጣበት።

የ2024ቱን ፊልም ከሌሎች ጋር ያየ ሰው አንድ ነገር ያስታውስ ይሆናል። ሃቪየር ባርዴም የተጫወተው ስቲልጋር ፖል ያደረገውን ሁሉ የትንቢት ምልክት እያደረገ ሲተረጉም ተመልካች ይስቃል። ፖል መሲሕ አይደለሁም ሲል፣ ትሑት መሆኑ ራሱ ማስረጃ ነው ይላል። በጣም ያስቃል። ከዚያ ሳቁ መቼ እንደቆመ ሳይታወቅ ያው ሰው ፕላኔት ለማቃጠል ጦር እያሰለፈ ይታያል።

በመጽሐፉ ይህ ነገር የተነገረው በሌላ መንገድ ነው፤ በጥቂት መስመሮች ብቻ፣ በመጨረሻው አካባቢ። ፖል ስቲልጋርን ቀና ብሎ ያየዋል። በረሃ ውስጥ የተቀበለው፣ ያስተማረው፣ የተከራከረው፣ ጠረጴዛ ላይ እንትፍ ብሎ መስፍንን ያከበረው ኩሩ አለቃ አሁን በፊቱ ቆሞ የሚጠብቀው ትእዛዝ ብቻ ነው። ፖል ወዳጁን እንዳጣ ይገባዋል፤ በወዳጁ ምትክ የሚሰግድለት ሰው ቆሟል። መስመሮቹ ጥቂት ስለሆኑ፣ ወደ መጨረሻው የጩቤ ፍልሚያ የሚጣደፍ አንባቢ ገጹን ገልብጦ ያልፋቸዋል።